የጦር ሰፈር በጠፈር ላይ ይቅደምን?



ባለፈው የትምህርት ዘመን የክርክር ማኅበራችን «ሰዎች በሌላ ዓለም ላይ ሲሰፍሩ ከሁሉ አስቀድሞ የጦር ሰፈር ማቆም ይገባቸዋል» በሚል አርእስት ክርክር አዘጋጅቶ እንደ ነበር በአዳራሹ የነበራችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። እኔም «ይገባቸዋል» ከሚሉት ወገን ሆኜ ተናግሬ ነበር። ድምፅ ሲሰጥ ወገናችን አሸነፈ፤ ጭብጨባውም ብዙ ነበር። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለዓመታዊ መጽሔታችን ለማቅረብ የተነሣሁበት ምክንያት ግን በዚያን ቀን የተናገርሁት ነገር ስሕተት እንደ ነበረ ስለ ተረዳሁ ነው። ሰው ባደባባይ የተሳሳተውን ባደባባይ ሊያርም ይገባዋል፤ ስለዚህ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅንነት እገልጻለሁ።

ክርክሩን ያሸነፍሁበት ማስረጃ ከመጽሐፍ የተገኘ አልነበረም፤ ከቪዲዮ ጨዋታ የተገኘ ነበር። የጨዋታው ስም «ኤሊት ዴንጀረስ» ይባላል። ጨዋታውን ለማያውቁት ወላጆችና መምህራን በአጭሩ ላስረዳ። በ1984 ዓ.ም. ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የሚባሉ ሁለት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ኤሊት» የተባለ የጠፈር ንግድ ጨዋታ ሠርተው አወጡ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ ብሬበን ያቋቋመው ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ የተባለው ኩባንያ በዚያው በካምብሪጅ «ኤሊት ዴንጀረስ»ን ሠርቶ ለሕዝብ አቀረበ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ 400 ቢሊዮን ያህል ከዋክብት ያሉበት የኛው ፍኖተ ሐሊብ በሙሉ መጠኑ ተሥሏል። ተጫዋቹ መንኰራኵሩን እየነዳ ሲሻው ይነግዳል፣ ሲሻው ያስሳል፣ ሲሻው ይዋጋል። የጨዋታው ዘመን ከኛ ዘመን 1286 ዓመት በኋላ የሚመጣ ነው።

በ2021 ዓ.ም. በግንቦት ወር «ኦዲሲ» የተባለው ተጨማሪ ክፍል በወጣ ጊዜ ተጫዋቹ ከመንኰራኵሩ ወርዶ በእግሩ በፕላኔቶች ምድር ላይ መራመድ ቻለ። በዚያም ምድር ላይ ሰዎች የሚሠሩባቸውና የሚያድሩባቸው ልዩ ልዩ ሰፈሮች ይገኛሉ። ከነዚህም አንዳንዱ የእርሻ፣ አንዳንዱ የማዕድን ማውጫ፣ አንዳንዱ የኢንዱስትሪ፣ አንዳንዱ የምርምር፣ አንዳንዱ የጐብኚዎች፣ አንዳንዱም የጦር ሠራዊት ሰፈር ነው። ከሁሉ ይልቅ የኛን የወጣቶቹን ዐይን የሚስበው ይህ የመጨረሻው ነው። መንኰራኵር የሚመቱ መድፎች በጣሪያው ላይ ይዞራሉ፤ የታጠቁ ዘበኞች ሌትና ቀን ይመላለሳሉ። እንግዳ ሲመጣ ዘበኛው ያስቆመውና ማንነቱን በመሣሪያ ይመረምራል። ከፍ ያለ ፈቃድ የሌለው ሰው ወደ ውስጠኛው ቤት አይገባም፤ ሲገባ የተገኘ እንደ ሆነ የማስጠንቀቂያው ደወል ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ጥይት ብቻ ነው።

በክርክሩ ቀን ይህን ሁሉ ለጉባኤው ገለጽሁ። «በ34ኛው መቶ ዓመት የሚኖሩት ሰዎች እንኳ ያለ ዘበኛ መኖር ካልቻሉ፣ እኛ እንዴት እንችላለን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብዬ ንግግሬን ደመደምሁ። ጭብጨባው የተነሣው በዚህ ቃል ላይ ነበር። ጨዋታው ሰዎች አስበው የሠሩት ነገር እንጂ የወደ ፊቱ ዘመን ምስክር አለመሆኑን ግን ከተቃዋሚዎቼ አንድ ስንኳ አላነሣብኝም፤ እኔም ለራሴ አላነሣሁም።

ክርክሩ ካለፈ በኋላ በነበረው ቅዳሜ በታላቅ ወንድሜ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ አንድ ሥራ ተቀበልሁ። ሥራው ወደ አንድ የጦር ሰፈር ሾልኮ ገብቶ የኃይል መቈጣጠሪያውን ሰርቆ ማምጣት ነበር። የኃይል መቈጣጠሪያ የተባለው ሰው በጀርባው ይዞት ሊሄድ የሚችል ዕቃ ሲሆን፣ የሚገኘውም በሰፈሩ የኃይል ማመንጫ ቤት ውስጥ ነው። ይህ ዕቃ ከቦታው ሲነቀል የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሁሉ ይቋረጣል። እኔም ከአንድ ሠራተኛ አጠገብ ቆሜ መታወቂያውን በድብቅ በመሣሪያ ቀዳሁ፤ በሮቹም እርሱ መስያቸው ተከፈቱልኝ። ዕቃውን በነቀልሁት ጊዜ መብራቱ ጠፋ። እነዚያ የሚያስፈሩት ትላልቅ መድፎች ዝም አሉ። የማስጠንቀቂያውም ደወል ሊጮኽ አልቻለም። ወደ ውጭ ስወጣ አንድ ዘበኛ መንገድ ላይ አገኘኝና እንድቆም አዘዘኝ። እኔ ግን አልቆምሁም፤ ተኰስሁበት። ስሙ በዐይኔ ፊት በመስኮቱ ላይ ተጽፎ ይታይ ነበር፤ ነገር ግን አላነበብሁትም።

አያቴ ከኋላዬ ተቀምጠው ቡናቸውን እየጠጡ ይመለከቱ ኖሯል። እርሳቸው በወጣትነታቸው ወታደር ሆነው በበረሃ ጠረፍ ያገለገሉ ሰው ናቸው።

«ልጄ፤ የምትወጋው ማንን ነው?» አሉኝ።

«የጦር ሰፈር ነው አባባ።»

«ምን በደለህ?»

«እኔንስ አልበደለኝም፤ ሥራ ተቀብዬ ነው እንጂ።»

ጥቂት ዝም አሉና «እነዚህ ሰዎች ውሃቸውን ከየት ይቀዳሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«በዚህ ምድር ላይ የሚቀዳ ውሃ የለም አባባ። የሚተነፈስ አየርም የለም። ሁሉም በመሣሪያ የሚዘጋጅ ነው። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰውም ይህ አሁን የነቀልሁት ዕቃ ነው» ብዬ መለስሁ።

«እንግዲያውስ የጦር ሰፈር ያልኸው ምኑን ነው? እኛ በጠረፍ ሳለን ውሃ የሚመጣልን የሁለት ቀን መንገድ በግመል ተጕዞ ነበር። ጠብመንጃ ሁላችንም ነበረን። ግመሎቹ የዘገዩ ጊዜ ግን ጠብመንጃውን የሚያስታውስ አልነበረም፤ ሁላችንም የምንመለከተው ወደ መንገዱ ነበር። ከጕድጓዱ ባለቤቶች ጋር ተስማምተን ባንኖር ኖሮ አንድ ወር ስንኳ ባልሰነበትን» አሉና ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወጡ።

በዚያች ሌሊት የአያቴ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። ለካስ እኔ ራሴ ብቻዬን፣ ቦርሳ አንግቤ፣ ያን ሁሉ መድፍና ዘበኛ ዋጋ ቢስ አድርጌው ነበር። በክርክሩ ቀን «የማይደፈር ነው» ብዬ ያወደስሁት ሰፈር ሕይወቱ የተንጠለጠለው በአንድ ዕቃ ላይ ነው። በዚህ ረገድ የጦር ሰፈሩ ከእርሻው ሰፈር በምንም አይበልጥም። የሚዋጋው ጠላት ከሌለ መድፉ አይጠቅመውም፤ መብራቱ ሲጠፋ ግን ገበሬውም ወታደሩም በጨለማ እኩል ይቀመጣሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዓይነት ሥራ መረጥሁ። አንድ የእርሻ ሰፈር ኃይሉ ተቋርጦ ጨለማ ሆኖ ነበርና የኃይል መቈጣጠሪያ ወስዶ መልሶ ማብራት ነው። በሮቹ ኤሌክትሪክ ስለሌላቸው የራሴን የጠፈር ልብስ ባትሪ ኃይል በመሣሪያ እያካፈልሁ ከፈትኋቸው። ያለኝ ኃይል ባነሰ ቍጥር የምተነፍሰው እያነሰ እንደ ሄደ ይታወቀኝ ነበር። በመጨረሻ ዕቃውን በቦታው በከተትሁት ጊዜ መብራቱ ከቤት ወደ ቤት እየተላለፈ በራ። አንድም ሰው አላጨበጨበልኝም፤ ሰፈሩ ባዶ ነበርና። ይሁን እንጂ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ከሠራሁት ሁሉ ያን ያህል ደስ ያሰኘኝ የለም። አስተውሉ፤ በአንዱ ሳምንት የሰረቅሁትና በሌላው ሳምንት የተከልሁት ዕቃ ያው አንድ ዓይነት ዕቃ ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህማ የጨዋታ ነገር ነው፤ በእውነተኛው ዓለም ያለውን ንገረን» ይል ይሆናል። እኔም ይህንኑ አስቤ የፊዚክስ መምህራችንን ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸውም ስለ ጨረቃና ስለ ጠፈር ውሎች እንዳነብ መከሩኝ። ባነበብሁት ነገር እጅግ ተደነቅሁ።

በጨረቃ ላይ የጦር ሰፈር የመትከል ሐሳብ ጨዋታ ሠሪዎች የፈጠሩት አይደለም። በ1959 ዓ.ም. የአሜሪካ ምድር ጦር «ፕሮጀክት ሆራይዘን» የተባለ እቅድ አዘጋጅቶ ነበር። በእቅዱም መሠረት በ1966 ዓ.ም. መጨረሻ 12 ወታደሮች በጨረቃ ላይ እንዲሰፍሩ ታስቦ ነበር፤ ወጪውም 6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይሆናል ተብሎ ተገምቷል። የጠላትን የጠፈር ልብስ የሚበሱ ፈንጂዎች ስንኳ በእቅዱ ውስጥ ታስበዋል። ልብሱ የተበሳበት ሰው በጨረቃ ላይ ምን እንደሚሆን ማብራራት አያሻኝም። ይህ እቅድ በወረቀት ላይ ቀረ እንጂ አልተፈጸመም።

በዚያው በ1959 ዓ.ም. ግን ሌላ ነገር ደግሞ ሆነ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ያሉባቸው 12 መንግሥታት ስለ ደቡብ ዋልታ ምድር፣ ስለ አንታርክቲካ፣ ውል ተፈራረሙ። በውሉም በዚያ በረዷማ ምድር ላይ የጦር ሰፈር ማቆም ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ጥር 27 ቀን 1967 ዓ.ም. የጠፈር ውል በዋሽንግተን፣ በለንደንና በሞስኮ ለፊርማ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት 10 ቀንም በሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ከ110 በላይ የሆኑ አገሮች ተቀብለውታል። የውሉ አራተኛ አንቀጽ ጨረቃና ሌሎች የሰማይ አካላት ለሰላማዊ ዓላማ ብቻ እንዲውሉ ያዝዛል፤ በእነርሱም ላይ የጦር ሰፈርና ምሽግ መሥራትን፣ የጦር መሣሪያ መሞከርንና የጦር ልምምድ ማድረግን ይከለክላል። ወታደር የሆነ ሰው ለሳይንስ ምርምር እንዳይሄድ ግን አልከለከለም። የተከለከለው ሰውዬው ሳይሆን ሰፈሩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው 12ኛው አንቀጽ ነው። በጨረቃና በሌሎች የሰማይ አካላት ላይ የሚሠሩ ጣቢያዎች ሁሉ፣ አስቀድሞ ተገቢው ማስታወቂያ ሲሰጥ፣ ለሌሎች መንግሥታት እንደራሴዎች ክፍት እንዲሆኑ ይላል፤ ያም ሌላው የርሱን በር ሲከፍት ነው። 5ኛው አንቀጽ ደግሞ የጠፈር ተጓዦች በጠፈርና በሰማይ አካላት ላይ አንዱ ለሌላው የሚቻለውን ርዳታ ሁሉ እንዲያደርግ ያዝዛል። እንግዲህ ሁለቱን በሮች አስተያዩ። በጨዋታው የጦር ሰፈር እንግዳ በመጣ ጊዜ አንድ ሰው አነጣጥሮ ይመረምረዋል። በውሉ ጣቢያ ግን እመጣለሁ ብሎ ያስታወቀ እንግዳ ይገባል፤ ምን እንደሚሠራም ያያል። ያየ ሰው አይጠረጥርም፤ ያልጠረጠረም ሰው ለመመንጠር አይነሣም። እኔ በክርክሩ ቀን ተረቱን የጠቀስሁት ከግማሹ ነበር።

ይህን ስል ዓለም ሁሉ በሰላም ተሞልታለች ማለቴ አይደለም። ውሉ የኒውክሊየር መሣሪያ በምሕዋር ላይ እንዳይቀመጥ ቢከለክልም በምሕዋር ላይ ያለውን መሣሪያ ሁሉ አላስቀረም። ቻይና በ2007፣ አሜሪካ በ2008፣ ህንድ በ2019፣ ሩሲያም በ2021 ዓ.ም. የየራሳቸውን ሳተላይት ከምድር በተላከ መሣሪያ መትተው አፍርሰዋል። የመጨረሻው በተፈጸመ ጊዜ ከ1500 በላይ ትላልቅ ስብርባሪዎች ተበተኑ፤ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የነበሩት ሰዎችም ለጥንቃቄ ወደ መመለሻ መንኰራኵሮቻቸው ገብተው እንዲቈዩ ተደረገ። ከነዚያም ሰዎች መካከል ሩሲያውያን ነበሩበት። በጠፈር የተተኰሰ ነገር የገዛ ወገንንም እንደሚያሰጋ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ስለዚሁ ጣቢያ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአያቴ ጥያቄ እውነተኛውን መልስ ያገኘሁት በእርሱ ነውና። በጣቢያው ላይ ከ2000 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጀምሮ ሰው ያልነበረበት ቀን የለም። የአሜሪካ ወገን በፀሐይ ብርሃን የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ለሩሲያ ወገንም ያካፍላል። የሩሲያ ወገን ደግሞ በሞተሮቹ ጣቢያው ከምሕዋሩ እንዳይወርድ ከፍ ያደርገዋል። በ2022 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ሁለቱ መንግሥታት በምድር ላይ እጅግ ሲጣሉ፣ በላይ ያሉት ሰዎች ግን ኤሌክትሪክና ሞተር መለዋወጣቸውን አላቋረጡም። አንዱ የሌላውን መቈጣጠሪያ ቢነቅል ራሱም በጨለማ ወይም በመውደቅ ይጠፋ ነበርና። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው በዚያ ከፍታ ላይም እውነት ነው።

አሁን ስለ ራሳችን ትምህርት ቤት ልናገር። አንዳንድ ወላጆች ይህ ጨዋታ ልጆችን ግድያ ያስተምራልና ከኮምፒዩተር ክበባችን ይወገድ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሐሳባቸውን አልንቅም፤ እኔ ራሴ ያን ዘበኛ ስሙን ሳላነብ እንደ ተኰስሁበት ተናግሬአለሁና። በጨዋታው ውስጥ የሞተ ተጫዋች ወዲያው ድኖ ሌላ ሥራ ይቀበላል፤ ይህም ሞትን ቀላል ያስመስላል። ነገር ግን በዚያው ጨዋታ ውስጥ ሳይተኵስ የሚኖር ሰውም አለ። የአሳሹን ልብስ ለብሶ በፕላኔቶች ላይ የበቀለውን ሕይወት እየፈለገ፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ጊዜ ናሙና እየወሰደ ይዞራል። ጨዋታው መንገዱን ሁሉ ከፍቶ ይተዋል፤ መራጩ እኛ ነን። ስለዚህ በበኩሌ ጨዋታው ይቅር አልልም። ይልቁንስ ወላጆች እንደ አያቴ ከኋላችን ተቀምጠው «ማንን ነው? ምን በደለህ? ውሃውን ከየት ይቀዳሉ?» ብለው ይጠይቁን እላለሁ። አያቴ ኮምፒዩተሩን አጥፋ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ሌላ ቀን ተደብቄ አበራው ነበር፤ የጠየቁኝን ጥያቄ ግን ላጠፋው አልቻልሁም።

ጓደኞቼ ደግሞ «ጨዋታ ነው፤ ምን ያገባዋል?» ይላሉ። እናንተም ተሳስታችኋል። «ኤሊት»ን የሠሩት ሁለቱ ሰዎች በዚያን ጊዜ እንደኛው ተማሪዎች ነበሩ። አገራችንም በ2019 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የመጀመሪያዋን የምድር መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና አገር አምጥቃለች፤ የተላከችውም እርሻንና የአካባቢን ሁኔታ ለመመልከት ነበር። ምናልባት ከዚህ ትምህርት ቤት የሚወጣ አንድ ልጅ ወደ ፊት በእውነተኛ ጣቢያ ሥራ ላይ እጁን ያስገባ ይሆናል። ያን ጊዜ «ከሁሉ አስቀድሞ ምን እናቁም?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ዛሬ በልቡ የለመደውን ነው። የለመደው መድፍ ከሆነ መድፍ ይላል።

የኔ መልስ ይህ ነው። አስቀድሞ የኃይል ማመንጫው ይቁም፤ ቀጥሎም ለእንግዳ የሚከፈት በር ይሠራ፤ ከጎረቤትም ጋር «መብራትህ ቢጠፋ ከኔ ትወስዳለህ» የሚል ውል ይጻፍ። ሌባ ይመጣል የሚል ቢኖር በበሩ ላይ አንድ ዘበኛ መቆሙን አልቃወምም፤ በጨዋታውም ሆነ በዓለም ሌባ አለና። በር የሚጠብቅ ዘበኛና ሰፈሩን ሁሉ ለውጊያ የሚሠራ ሐሳብ ግን አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት በክርክሩ ቀን ልናገር ይገባኝ ነበር፤ አልተናገርሁም።

ስለዚህ የክርክር ማኅበራችንን ሊቀ መንበር በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር አለ። በሚመጣው ዓመት ያው አርእስት እንደ ገና ይቅረብ። እኔም በተቃራኒው ወገን ቆሜ የባለፈውን ዓመት ንግግሬን ቃል በቃል አንብቤ ልቃወመው ዝግጁ ነኝ። አያቴም መጥተው ለመስማት ፈቅደዋል፤ ከፊተኛው መደዳ ወንበር እንዲያዝላቸው አደራ እላለሁ።

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ